እንግዳ ዋጋ ሲከፍል

በአገራችን ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ብሎ ይጣራል። የቤቱ ባለቤትም ማን ነህ፥ ከየት መጣህ፥ ምን ይዘሃል ሳይል በሩን ይከፍትለታል። ውሃ ተሞቆ እግሩ ይታጠባል፤ ያለችው እራት ትቀርባለች፤ መኝታ ይለቀቅለታል። በማግሥቱ ጧት እንግዳው ከመቀነቱ ገንዘብ ፈትቶ «ስላሳደርኸኝ እንካ» ቢል ግን ባለቤቱ እንደ ተሰደበ ይቈጥረዋል፤ «ቤቴን ቡና ቤት አደረግኸውን?» ብሎም ይቈጣል።

ዛሬ ሌላ ዓይነት እንግዳ ወደየመንደራችን መምጣት ጀምሯል። እርሱ የመጣው መሽቶበት አይደለም፤ ሆን ብሎ፥ ከሩቅ አገር፥ እኛን ለማየት ነው። ደናችንን፥ ቡናችንን፥ ቤታችንን፥ ዘፈናችንን፥ አንዳንድ ጊዜም ለቅሷችንን ሳይቀር ሊያይ ይፈልጋል። ገንዘብም ይዟል፤ ሊከፍልም ፈቃደኛ ነው። ወጣቶች ሆይ፤ አብረን እንድንመረምረው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነው። ዋጋ የሚከፍል እንግዳ፥ እንግዳ ነውን ወይስ ገበያተኛ? እኛስ ገንዘቡን በተቀበልን ጊዜ የሸጥነው ነገር ምንድር ነው?

ይህን ጥያቄ የሚዛን ተፈሪ፥ የቴፒ፥ የማሻና የቦንጋ ወጣቶች ከሌላው ይልቅ ሊያስቡበት ይገባል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ተቋቁሞ፥ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» በሚል መጠሪያ አገራችንን ለዓለም ባስተዋወቁ ጊዜ፥ የጎብኚ መንገድ የሚባለው ወደ ሰሜን የሚወስደው ነበር፤ ባሕር ዳር፥ ጎንደር፥ ላሊበላ፥ አክሱም። ደቡብ ምዕራቡ ቡና የሚጫንበት አገር እንጂ እንግዳ የሚላክበት አገር አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ገደማ መጠሪያው «ምድረ ቀደምት» ተብሎ ሲለወጥ ግን ዓይኑ ወደዚህም ዞረ፤ ቡና በዱር የበቀለበት አገር ከቀደምቱ ሁሉ ቀደምት ነውና። አስቀድሞም የካፋና የያዩ ደኖች በ2002፥ የሸካ ደን በ2004፥ በኋላም የማጃንግ ደን በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ገብተዋል። በቦንጋ የብሔራዊ ቡና ሙዚየም ቆሟል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከተመሠረተ ወዲህም በዳውሮ የሃላላ ኬላ፥ በኮንታ የዝሆን ዳና ማረፊያዎች ተሠርተው እንግዳ ይቀበላሉ። ስለዚህ እንግዳው ይምጣ ወይስ አይምጣ ብሎ መከራከር ጊዜው አልፎበታል። የቀረው ጥያቄ ማን ይቀበለዋል፥ እንዴትስ ይቀበለዋል የሚለው ነው።

ከትንሽ ነገር ልጀምር። እንግዳ ወደ ሚዛን ሲመጣ ቡና ይፈላለታል። ቄጠማ ይጐዘጐዛል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ከረከቦቱ ኋላ ትቀመጣለች፤ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ይባላል። መልካም ነው፤ ያማረም ነው። ነገር ግን እንግዳው ይህንኑ ከሁለት ቀን በፊት በአዲስ አበባ ሆቴል አይቶት መጥቷል። የቤንች ወይም የሸኮ እናት በቤቷ ለቤተሰቧና ለጎረቤቷ የምታቀርበው ሌላ መጠጥ አለ፤ ጨሞ ይሉታል። የሚፈላው ከቡናው ፍሬ ሳይሆን ከቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ከዝንጅብል፥ ከነጭ ሽንኩርት፥ ከበርበሬ፥ ከጤና አዳም ጋር ሆኖ ይፈላል፤ ጨው ይጨመርበታል፤ ጎረቤት ተጠርቶ በቅል ይጠጣል። ቡና በዱር የበቀለበት ሕዝብ ከዛፉ ጋር ያለውን የቆየ ወዳጅነት ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ይህ መጠጥ ይገልጸዋል። ታዲያ ለእንግዳ የማይቀርበው ለምንድር ነው? አንዱ ምክንያት «የድሃ መጠጥ ነው» የሚል እፍረት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ግብዣውን የሚያቅደው ሰው የቤቱ ባለቤት አለመሆኑ ነው። ከሩቅ የመጣ አዘጋጅ የሚያውቀውን ያዝዛል፤ የማያውቀውን ሊያዝዝ አይችልም። እንዲህ ሲሆን እንግዳው አምስት መቶ ኪሎ ሜትር አልፎ መንገድ መጥቶ የአዲስ አበባን ሆቴል ደግሞ አይቶ ይመለሳል፤ የቤቱ ባለቤትም በገዛ ቤቱ ተሰውሮ ይቀራል።

የስምም ነገር እንደዚሁ ነው። ሚዛን ተፈሪ ዱሮ የጊሚራ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ጊሚራ የሚለው ስም ሌሎች ለሕዝቡ ያወጡለት እንጂ ቤንች ራሱን የሚጠራበት አይደለም። ማጃንጎችንም መሰንጎ የሚል ስም ያወጣላቸው ሌላ ሰው ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ ስለዚህ የሰውን ስም ሳያውቅ ባሕሉን አስጎበኛለሁ የሚል ሰው ሥራውን ከመጀመሪያው ሊማር ይገባዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ብዙ ሽማግሎች «እንግዳን ማስከፈል ባሕል ማፍረስ ነው» ይላሉ። አባባላቸውን ማክበር ይገባል፤ ነገር ግን ልንመረምረው ይገባናል። የእግዜር እንግዳ በነጻ ያድር የነበረው ለምንድር ነው? ደግነት ብቻ ነውን? ደግነቱ አለ፤ ከርሱም ጋር አንድ ያልተጻፈ ውል አለ። ዛሬ እኔ የማላውቀውን መንገደኛ አሳድራለሁ፤ ነገ ልጄ በማላውቀው አገር ሲመሽበት የማላውቀው ሰው ያሳድረዋል። ብድሩ የሚመለሰው ካበደረው ሰው እጅ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን ይመለሳል። አገሩ ሁሉ እንደ አንድ ዕቁብ ነበር ማለት ነው።

የአውሮጳው ወይም የአሜሪካው ጎብኚ ግን ከዚህ ዕቁብ ውስጥ የለበትም። እርሱ ሸኮ መጥቶ ያድራል፤ የሸኮ ልጅ ግን ከእርሱ ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ሊል አይችልም። ከዚያ ደጅ ከመድረሱ በፊት ኤምባሲ አለ፤ የባንክ ሒሳብ ደብተር አለ፤ የጣት አሻራ አለ። ከብዙ ድካም በኋላም «አልተፈቀደልህም» የሚል ወረቀት አለ። እንግዲህ ብድሩ በእግር ሊመለስ ካልቻለ በምን ይመለስ? ገንዘብ እዚህ ላይ የሚገባው እንደ ሸቀጥ ዋጋ ሳይሆን፥ ሊመለስ ባልቻለው መስተንግዶ ፈንታ ነው። ይህ ከሆነ መቀበሉ ነውር አይደለም። ይልቁንም አለመቀበሉ ድሃው ሀብታሙን በነጻ እንዲቀልብ ማድረግ ይሆናል።

ነገር ግን ይህ አሳብ አንድ ግዴታ ያስከትላል። መንገደኛን መቀበል የአንድ ሰው ንግድ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ልማድ ከነበረ፥ በርሱ ፈንታ የመጣውም ገንዘብ ከመኪናው በር እንግዳውን ቀድሞ የያዘው ሰው ብቻ ሀብት ሊሆን አይገባም። መንገድ የመራ፥ ዕቃ የተሸከመ፥ ጎደሬ የቀቀለች፥ በገመድ ከዛፍ ጫፍ ወጥቶ ከቀፎው ማር የቆረጠ ሰው የድካሙን ዋጋ ለብቻው ይውሰድ፤ ይህ ግልጽ ነው። ደኑ፥ ወንዙ፥ ዘፈኑ፥ የመንደሩ ሰላምና መልካም ስም ያመጡት ገንዘብ ግን የጋራ ነው።

ይህን ካልን በኋላ ወደ ከባዱ ነገር እንገባለን። ከሚዛን ወደ ደቡብ ምዕራብ፥ በምዕራብ ኦሞ ዞን፥ በኪቢሽ አካባቢ የሚኖሩት ሱሪዎች ሴቶቻቸው በከንፈራቸው የሸክላ ገበታ ስለሚያደርጉ፥ ወጣቶቻቸውም ሰውነታቸውን በአፈር ቀለም ስለሚያስጌጡ፥ ፎቶግራፍ አንሺ ከዓለም ዙሪያ ይመጣባቸዋል። ከኦሞ ወንዝ ማዶ ያሉት ሙርሲዎችም እንዲሁ ናቸው። የሚከፈለው በእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ነው። እንግዳው ከመኪናው ይወርዳል፤ ይመርጣል፤ ያነሣል፤ ይከፍላል፤ ይሄዳል። ሙርሲዎችን ከ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ ሲያጠና የኖረው እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን ስለዚህ ነገር ሲጽፍ፥ ሰዎቹ ለጎብኚው ብለው ከወትሮው የበዛና ከልማዳቸው ውጭ የሆነ ጌጥ ሁሉ በራሳቸው ላይ እንደሚያደርጉ አስተውሏል። ይበልጥ እንግዳ የሆነው መልክ ይበልጥ ይከፈልበታልና።

አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው ሱሪዎችንና ሙርሲዎችን «ገንዘብ ወዳዶች፥ ለማኞች» ብለው ይሰድባሉ። እኔ ከነዚህ ሰዎች ጋር አልስማማም። ዋጋ የጠየቀ ሰው «ይህ የእኔ ነው» ማለቱ ነው። ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ፎቶግራፉ በነጻ ይወሰድ ነበር፤ ያኔ ማንም «ለማኝ» ብሎ አልሰደበውም፤ ምክንያቱም የሚሰደበው የሚጠይቅ ሰው እንጂ የሚወስድ ሰው አይደለም። በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ እንግዶች በመጡ ቁጥር በሰልፍ አቁመው ፎቶግራፍ ያነሡን ነበር፤ «እንልክላችኋለን» እያሉም ይሄዱ ነበር። አንድም ተመልሶ የመጣ አላየሁም። የእኛ ፊት እስከ ዛሬ በማን ቤት ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ እንጃ።

ይሁን እንጂ የፎቶግራፉ ንግድ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ሰውን ሁሉ ለየብቻው ገበያ ላይ ያቆመዋል። እኅት ከእኅቷ፥ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ማን ይመረጥ እያለ ይወዳደራል። እንግዳው ደግሞ ስም አይጠይቅም፤ አንድ ቃል አይማርም፤ መቀመጥም አያስፈልገውም። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የጎደለው ገንዘብ አይደለም። የጎደለው እንግድነት ነው። አንድ ሰው በበኩሉ እንዲህ ይለኝ ይሆናል። «መምህር፥ እርስዎ ጡረታ አለዎት። ኪቢሽ ላለች እናት ግን የዛሬው ፎቶግራፍ የዛሬ እህል ነው። ክብር አይበላም።» ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነው፤ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። መልሴ ፎቶግራፉ ይከልከል የሚል አይደለም። ከራቡ ሰዎች እጅ ያለችውን ቁራሽ በሥነ ምግባር ስም መንጠቅ ግፍ ነው። መልሴ ሻጩ ብቻውን አይቁም የሚል ነው። መንደሩ ተሰብስቦ እንግዳው በቀን ይህን ያህል ይከፍላል፥ ይህን ያህል ሰዓት ይቀመጣል፥ ከሽማግሎቹ ጋር ይተዋወቃል፥ ከዚያ በኋላ ፈቃደኛ የሆነውን ሰው ያነሣል፥ ሕፃናትን በትምህርት ሰዓት አያነሣም ብሎ ቢወስን፥ የዚያች እናት እህል አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ከጎረቤቷ ጋር የምታደርገው ሽሚያ ነው።

ፎቶግራፍ ብቻ አይደለም የሚወሰደው። በዚሁ በእኛ አገር የሆነውን የጌሻን ቡና ታሪክ ወጣቶች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት፥ በማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ጌሻ ከሚባለው ሥፍራ አካባቢ የቡና ዘር አስለቅሞ ወደ ኬንያ ላከ። ዘሩ ከኬንያ ወደ ታንጋኒካ፥ በ1953 ወደ ኮስታ ሪካ፥ በ1960ዎቹም ወደ ፓናማ ተሻገረ። ብዙ ዘመን ፍሬው ጥቂት ነው፥ ቅርንጫፉም ቶሎ ይሰበራል ተብሎ ተንቆ ኖረ። በ2004 ግን በፓናማ የጥራት ውድድር ቀርቦ ቀማሾቹን አስደነቀ፤ በጨረታውም አንዱ ፓውንድ፥ ይኸውም ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፥ 21 ዶላር ወጣ። ይህ በዚያን ጊዜ ያልተሰማ ዋጋ ነበር። በ2019 ደግሞ ከዚሁ ዝርያ አንዱ ፓውንድ 1,029 ዶላር ተሸጠ። ስሙንም ፈረንጆቹ ሲጽፉት ከጃፓን አዝማሪ ሴቶች መጠሪያ ጋር አመሳሰሉት፤ ስለዚህ ከሚጠጡት ሰዎች ብዙዎቹ ጌሻ የኢትዮጵያ ደን ስም መሆኑን አያውቁም።

ዘሩ መሄዱን ክፉ ሥራ ነው ብዬ አልከራከርም። ቡና ከኢትዮጵያ ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን ሁሉ ካዳረሰ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል፤ ማንም ለጎረቤቱ ዘር ይሰጣል። የፓናማ ገበሬም ደክሞበታል፤ የድካሙን አገኘ። ነገር ግን ያን ዘር ከደኑ የለቀመው ሰው ማን ነበር? ቆንስሉን ይህ ዛፍ ጥሩ ነው ብሎ የመራው ማን ነበር? የቆንስሉ ሹመት ተጽፎ ቀርቷል፤ የመሪው ስም አልተጻፈም። ዛሬ ወደ ደኑ የሚገባ እንግዳ ሁሉ አንድ ነገር ይዞ ይወጣል፤ ወይ ዘር፥ ወይ ዘፈን፥ ወይ የመድኃኒት ዕፅ ስም፥ ወይ ለመጽሐፉ የሚሆን ታሪክ። ይዞ መውጣቱን መከልከል አይቻልም፤ ምን ይዞ እንደ ወጣ፥ ከማንስ እንደ ተቀበለ መጻፍ ግን ይቻላል። ብዕርና ደብተር ይበቃል።

አሁን ስለ እምቢታ ልናገር፤ እኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነውና። በሸካ ጉዶና ዴዶ የሚባሉ፥ በልማድ የተከበሩ የደንና የውሃ ዳር ሥፍራዎች አሉ። በእነርሱ ውስጥ ዛፍ አይቈረጥም፤ ማንም እንደ ፈቀደ አይገባም። ኮቦ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ ደኑን ለቀፎ መስቀያ ለቤተሰብ ቤተሰብ ያከፋፍለዋል፤ የቀፎው ባለቤት ስለ ቀፎው ሲል ዛፉን ይጠብቃል። ዩኔስኮ መጥቶ ከመመዝገቡ አስቀድሞ ይህን ደን ለመዝገብ ያበቃው «አይሆንም» የሚለው ቃል ነው። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው እንደ መሆኔ በዴዶ የሚደረገውን ሥርዓት አልከተልም። ነገር ግን ሰው የማይከተለውን ሊያከብር ይችላል፤ እንዲያውም ክብር የሚፈተነው በዚያ ነው።

እንግዳ መጥቶ «ጉዶውን ልየው፤ እጥፍ እከፍላለሁ» ሲል የመንደሩ ሽማግሎች «አይሆንም» ቢሉና ቃላቸው ቢጸና፥ በዚያ መንደር ጎብኚን የሚቀበለው ሕዝቡ ራሱ ነው። ቃላቸው ካልጸና፥ ማለትም ከዞን የመጣ ሹም፥ ወይም የጉዞ ድርጅት ወኪል፥ ወይም ገንዘብ የቸገረው ወጣት በጓሮ በኩል የሚያስገባው ከሆነ፥ በበሩ ላይ ምንም ዓይነት ያማረ ሰሌዳ ቢሰቀል ሽማግሎቹ የቤቱ ባለቤት መሆናቸው ቀርቶ የቤቱ ዕቃ ሆነዋል ማለት ነው። ቤት የማን እንደ ሆነ የሚታወቀው እንግዳ ሲገባ አይደለም፤ «ዛሬ አይመቸንም» ሲባል ነው።

እስካሁን «ሕዝቡ»፥ «መንደሩ» እያልሁ ጻፍሁ። ይህ አነጋገር ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። በካፋና በሸካ መንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ። ዱሮ አዳኞች ነበሩ፤ ደኑን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ነገር ግን ለብዙ ዘመን ጎረቤቶቻቸው ሲንቋቸው ኖረዋል፤ ከቤት አያስገቧቸውም፥ አብረው አይበሉም፥ አይጋቡም ነበር። ሕጉ ሰውን ሁሉ እኩል ካደረገ በኋላም ልማዱ ከልብ ፈጽሞ አልጠፋም። እንግዲህ በአንድ መንደር የእንግዳ ተቀባዮች ማኅበር ቢቋቋም፥ አሥር አስጎብኚዎች ቢመረጡ፥ ከአሥሩ አንድም መንጆ ባይኖር፥ እንግዳውም በመንጆ አባቶች እግር በተከፈተው የደን መንገድ እየሄደ «ባለቤቶቹ ራሳቸው የሚመሩት ጉብኝት» ብሎ ቢያወድስ፥ ይህ እውነት ነውን? ከአዲስ አበባ የመጣ ኩባንያ ሲጫነን የምናለቅስ ሰዎች እኛ ራሳችን በጎረቤታችን ላይ ኩባንያ ልንሆን አይገባም። የሴቶችም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። እራቱን የሠራች፥ ጨሞውን ያፈላች፥ መኝታውን ያነጠፈች እርሷ ናት፤ በስብሰባው ቀን ከኋላ ተቀምጣ የምታዳምጠውም እርሷ ናት። ከሌላ አገር በሠፈራ የመጡትና በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች ሲሠሩ ያረጁትስ? ልጆቻቸው እዚህ ተወልደዋል። የዚህን መልስ በአንድ ቃል የሚሰጥ ሰው ካለ ቸኩሏል። ቢያንስ በስብሰባው መቀመጫ ይኑራቸው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ለእናንተ ለተማራችሁት ነው። በየመንደሩ እንግሊዝኛ የሚችለው ወጣት በእንግዳውና በሽማግሎቹ መካከል ይቆማል። ሽማግሎቹ የተናገሩትን እንግዳው አይሰማም፤ እንግዳው የከፈለውን ሽማግሎቹ አያውቁም። ሁለቱንም የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው። ይህ ከባድ ሥልጣን ነው፤ ንጉሥም ቢሆን የዚህን ያህል ብቻውን የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው። ሽማግሌው ለአንድ ሰዓት የደኑን ታሪክ ሲናገር አስተርጓሚው በሦስት ቃል ቢጨርሰው ማን ይከስሰዋል? እንግዳው «ለመንደሩ» ብሎ የሰጠው ብር በመንገድ ቢጎድል ማን ይቈጥረዋል? ባስተማርሁበት ዘመን አንድ ተማሪዬ «አስጎብኚ ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ብጠይቀው «በር ነው» ብሎ መለሰልኝ። ጥሩ አባባል ነው። ነገር ግን በር የሚያስገባውን ሁሉ እየቆነጠረ ሲያስቀር አይታይም።

ነገሩ አይቻልም እንዳትሉ አንድ ሁለት ምሳሌ ላንሣ። በሰሜን ወሎ በመቄት ወረዳ፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፥ ተስፋ በሚባል ሥራ ገበሬዎች በየገደሉ አፋፍ የሣር ክዳን ቤቶች ለእንግዳ ሠሩ። እንግዳው በእግሩ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ዕቃው በአህያ ይጫናል፤ ማታ የሚያስተናግደው የመንደሩ ሰው ነው፤ ገቢውንም ገበሬዎቹ የመረጡት ኮሚቴ ይይዘዋል። ሥራው የተጀመረው በውጭ ዕርዳታ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ቤቱ ግን የመንደሩ ነው፤ ገደሉም፥ ነፋሱም፥ እንጀራውም የአገሩ ነው። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ይህ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከሩቅ ነው፤ ከኒው ዚላንድ። ቱሆራንጊ የሚባሉት የማኦሪ ወገኖች ከዛሬ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ በፊት፥ በሮቶማሃና ሐይቅ ዳር በነበሩት ነጭና ሮዝ የድንጋይ እርከኖች ምክንያት ከዓለም ዙሪያ እንግዳ ይመጣላቸው ነበር። መሪዎቹ እነርሱ፥ ጀልባ ቀዛፊዎቹ እነርሱ፥ ዋጋውንም የሚወስኑት እነርሱ ነበሩ። ከመበልጸጋቸውም የተነሣ በመሰብሰቢያ ቤታቸው ላይ በተቀረጹት ምስሎች ዓይን የእንግሊዝ ወርቅ ሳንቲም አስገቡበት። ከገንዘቡ ጋር አረቄም ገባ፤ ይህም ብዙ ጎዳቸው። በሰኔ 1886 በፈረንጅ አቆጣጠር የታራዌራ ተራራ እሳት ተፍቶ እርከኖቹን አጠፋ፤ መንደራቸውም በአመድ ተቀበረ። ከእሳቱ የተረፉት ወደ ዋካሬዋሬዋ ተሰድደው፥ በዚያ ባሉት ፍል ውሃዎች ዳር እንደ ገና እንግዳ መምራት ጀመሩ፤ ልጅ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ ይመራሉ። የሚገርመኝ የወርቁ ነገር አይደለም። ዓለም ሁሉ ሊያየው ይመጣ የነበረው ነገር በአንድ ሌሊት ሲጠፋ የመምራት ሥራው ከእነርሱ ጋር ተሰድዶ መኖሩ ነው። እርከኑን የኩባንያ ሰው ያስጎበኝ ኖሮ ተራራው በፈነዳ ማግሥት ኩባንያው ሒሳቡን ዘግቶ ይሄድ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። አንድ እንግዳ ለጉዞው የከፈለው ገንዘብ ወዴት ወዴት እንደሚሄድ አስቡ። አውሮፕላኑ አለ፤ የአዲስ አበባው የጉዞ ድርጅት አለ፤ መኪናና ነዳጅ አለ፤ ሾፌር አለ፤ በጅማ አንድ ሌሊት፥ በሚዛን ሁለት ሌሊት የሆቴል ኪራይ አለ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የደኑ ባለቤቶች ከሆኑት ሰዎች እጅ የሚደርሰው የመግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ነው፤ ለማር መግዣ የምትሆን ትንሽ ብርም ትጨመራለች። በመካከል ያሉት ሁሉ ሌቦች አይደሉም፤ ሠርተው ነው የሚበሉት። ነገር ግን እንግዳው በሚዛን ከተማ ሆቴል አድሮ በመንደሩ ሁለት ሰዓት ብቻ ከሚቆይ፥ በመንደሩ አድሮ፥ የመንደሩን ጎደሬና ማር በልቶ፥ በማግሥቱ በእግሩ ቢሄድ፥ የዋጋው ዝርዝር ሳይለወጥ የገንዘቡ መንገድ ይለወጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው ታላቅ ካፒታል አይደለም፤ ንጹሕ መኝታ፥ ንጹሕ ውሃ፥ ንጹሕ መጸዳጃና የታመነ ሒሳብ ያዥ ነው። ከአራቱ የሚከብደው የመጨረሻው ነው።

ስለ ሒሳቡ አሠራር ደግሞ የማስበውን ልጻፍ። መዝገቡ በጸሐፊው ሣጥን ተቈልፎ አይቀመጥ። በየወሩ በገበያ ቀን፥ ሰው ሁሉ በሚሰበሰብበት ሥፍራ፥ ስንት እንግዳ መጣ፥ ስንት ተከፈለ፥ ለማን ተሰጠ፥ ስንት ቀረ ተብሎ ድምፅን ከፍ አድርጎ ይነበብ። ሲነበብም በአማርኛ ብቻ አይሁን፤ በቤንች ከሆነ በቤንችኖን፥ በሸካ ከሆነ በሸኪኖኖ፥ በካፋ ከሆነ በካፊኖኖ ይነበብ። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ጆሮ አላቸው፤ የሰሙትን ቍጥርም ከእኛ ከተማርነው ይልቅ ሳይረሱ ይይዙታል። አንዲት የመንጆ ሴት ከሕዝቡ መካከል ተነሥታ «ባለፈው ወር ለምንጩ ጥገና ተይዟል የተባለው ብር የት ደረሰ?» ብላ ብትጠይቅ፥ ጸሐፊው ከመቀመጫው ተነሥቶ ይመልስላት፤ ጥያቄዋም ከመልሱ ጋር በመዝገቡ ላይ በስሟ ይጻፍ።